የሦስት ሰው አንድ ሰዓት

ባለፈው መንፈቀ ዓመት ፈተና ከሦስታችን አንዱ፣ የአሰላው ልጅ፣ 20 ነጥብ የሚይዘውን የመጨረሻ ጥያቄ ሳይነካው ወረቀቱን አስረከበ። መልሱ ጠፍቶት አይደለም፤ በዋዜማው ሁለታችንን እንደ ተማሪ ከፊቱ አስቀምጦ ያንኑ ጥያቄ ሲያስረዳን ያመሸው እሱ ነበርና። ነገሩ የሰዓት ነገር ነው። ስልክ ይዞ ወደ ፈተና አዳራሽ መግባት ክልክል ነው፤ ከስልክ ጋር የሚነጋገረው የእጅ ሰዓትም እንደዚሁ። በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰዓት ደግሞ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ከቆመ ስንት ጊዜው እንደሆነ የሚያስታውስ የለም። የአሰላው ልጅ ገና ግማሽ ሰዓት አለኝ ብሎ ሦስተኛውን ጥያቄ ሲያሳምር ፈታኙ «ብዕር አስቀምጡ» አሉ።

ያን ዕለት ማታ በመኝታ ክፍላችን ተቀምጠን አንድ ነገር ወሰንን፤ ይኸውም ሦስታችን አዋጥተን አንድ የእጅ ሰዓት እንግዛ የሚል ነው። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ «እኛ» የምንለው እነዚሁ ሦስቱን፣ የአዳማውን፣ የወንጂውንና የአሰላውን ልጆች ነው። ብዕሩን የያዘው አንድ እጅ ቢሆንም ሦስታችንም አንብበን ፈቅደነዋል። ሦስታችንም የኪነ ጥበብ ፋኩልቲ ተማሪዎች ብንሆን የትምህርት ክፍላችን የተለያየ ስለሆነ ፈተናችን በአንድ ሰዓት እምብዛም አይገጥምም። ስለዚህ አንድ ሰዓት ለሦስት ክንድ ይበቃል ብለን አሰብን። እያንዳንዳችን 2 ሺህ ብር፣ በድምሩ 6 ሺህ ብር ለማዋጣት ተስማማን።

ክርክሩ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። የአሰላው ልጅ «ባለ ባትሪ ይገዛ» አለ። እኛ ሁለታችን ግን አውቶማቲክ ካልሆነ ሰዓት አንለውም አልን። እውነቱን ለመናገር በክርክር የረታን እሱ ነበር። ጥሩ ባለ ባትሪ ሰዓት የሚሳሳተው በወር 15 ወይም 20 ሴኮንድ ያህል ሲሆን፣ መጠነኛ ዋጋ ያለው አውቶማቲክ ግን ያንኑ ያህል በአንድ ቀን ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ባለቤቱ ይመስገን ይላል እንጂ አያማርርም። ባለ ባትሪው ርካሽ ነው፤ ቀላልም ነው። ጃፓኖች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. በገና ዕለት የመጀመሪያውን ባለ ኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ ሲያወጡ ዋጋው የአንዲት ትንሽ አውቶሞቢል ዋጋ ያህል ነበር ይባላል፤ ዛሬ ግን ያው ጥበብ በየመንገዱ ዳር በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይሸጣል።

ታዲያ አውቶማቲክ ለምን? እኛ ያቀረብነው ምክንያት ይህ ነበር። አውቶማቲክ ሰዓት ባትሪ አይጠይቅም። በውስጡ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ከበድ ያለ ብረት አለ፤ ሰው ክንዱን ባወዛወዘ ቁጥር ያ ብረት ይዞርና ሞላውን ይጠመዝዘዋል፤ ሞላው ሲላላ ጥርሶቹን ያሽከረክራል፤ አንዲት ትንሽ መንኮራኩር ደግሞ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰች ኀይሉን በልክ በልክ ትለቀዋለች። አብርሃም ሉዊ ፔርሌ የተባለው የስዊስ ሰው ይህን ሐሳብ በኪስ ሰዓት ላይ በ1770ዎቹ እንደ ሞከረው ይነገራል። በእጅ ሰዓት ላይ ያዋለው እንግሊዛዊው ጆን ሃርውድ በ1920ዎቹ ሲሆን፣ ብረቱ ዙሪያውን ሙሉ እንዲሽከረከር አድርጎ ሮሌክስ በ1931 አወጣው። ሰው ሲሠራ ሰዓቱም ይሠራል፤ ሰው ሲያርፍ ግን ከ40 ሰዓት ያህል በኋላ ሰዓቱም ያርፋል። ይህ ለእኛ ለአርት ተማሪዎች ትንሽ ቅኔ ይመስለን ነበር። ከቅኔው በስተጀርባ ግን ያልተናገርነው ሌላ ምክንያት ነበረ፤ በክንዳችን ላይ አድርገነው ልንታይበት ፈልገን ነበር። የአሰላውን ልጅም «ቆጥቋጣ» አልነው። እሱም ሳቀና ዝም አለ።

የፋሲካ ዕረፍት በመጣ ጊዜ ሦስታችንም አዳማ ተገናኘን። ሐሙስ ዕለት በከተማው የሰዓት መሸጫዎች ስንዞር ዋልን። አዳማ፣ ያኔ ናዝሬት፣ የባቡር ከተማ ነበረችና አባቶቻችን የሰዓትን ጥቅም ከጣቢያው ፊሽካ ሳይማሩ አልቀሩም፤ እኛ ግን የተማርነው የዋጋውን ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ስለ ወጣ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ አብሮት ተሰቅሏል። አዲስ አውቶማቲክ በ6 ሺህ ብር የሚያስብ ሰው እንደ ሕልመኛ ይታያል። በመጨረሻ አንድ ሱቅ ውስጥ ሰማያዊ ፊት ያለው፣ እንደ መስታወት የሚያበራ አንድ ሰዓት አየን። ዋጋው 10 ሺህ 5 መቶ ብር ነው። የአዳማው ልጅ በቶሎ አሰላና «እያንዳንዳችን 1 ሺህ 5 መቶ ብንጨምር የእኛ ነው» አለ። የወንጂው ልጅ እሺ አለ። የአሰላው ልጅም ራሱን ነቀነቀ። ባለሱቁ እስከ ቅዳሜ ሊያቆይልን ቃል ገባ።

በማግሥቱ ዓርብ ወደ ሶደሬ ወረድን። የወንጂው ልጅ አጎት በዚያ አካባቢ በጥበቃ ሥራ ላይ የቆዩ ሰው ናቸው፤ በእጃቸውም ከሃያ ዓመት በላይ ያሰሩት ሴኮ 5 አለ። የሰዓት ነገር የሚያውቅ ሰው ሳናማክር አንግዛ ብለን ነበር። ከአዳማ በአሰላ መንገድ አዋሽ መልካሳን አልፎ ሶደሬ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአካሲያው ደረቅ አገር በድንገት ወደ አዋሽ ዳር ጥላ ሲገቡ፣ ፍል ውኃው ሲጤስ፣ ጦጣዎቹም የእንግዳውን እጅ እንደ ጉምሩክ ሹም ሲፈትሹ ይታያል። ገና ከመድረሳችን ከአንዲት ሕፃን እጅ ዳቦ ነጥቀው ዛፍ ላይ ወጡ።

ጋሼ በዛፍ ሥር ተቀምጠው ተቀበሉን። ጉዳያችንን ስንነግራቸው ሰዓታቸውን ከክንዳቸው ፈትተው ሰጡን። ስናየው ግን እጃቸው ላይ ያየነው ሰዓትና ስልካችን የሚያሳየው ሰዓት አልገጠሙም። ስልኩ ከጧቱ 10 ሰዓት በፈረንጅ ሲል የእሳቸው ቆጣሪ 4 ላይ ነው። «እኔ የማነበው እንዳገሬ ነው፤ ማዶ ለማዶ አልቆጥርም» አሉን። ይህ ቀላል ይምሰል እንጂ ከኋላው ብዙ ጣጣ እንዳለ ከእሳቸው ተማርን።

አውቶማቲክ ሰዓት ቀኑን የሚለውጠው በፊቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ይህ እኩለ ሌሊት ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ለሞላው ሰው ግን ወይ በምሽቱ 12 ሰዓት ወይ በንጋቱ 12 ሰዓት ይሆናል። ጋሼ የምሽቱን መርጠዋል፤ «ዋዜማው ሲገባ ቀኑ ይገባል» ይላሉ። የቀን መለወጫው ጥርስ ደግሞ ከ12 በፊት ጀምሮ እስከ በኋላ ድረስ ተያይዞ ስለሚቆይ፣ በፊቱ ከ9 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ቀኑን በእጅ መግፋት ጥርሱን ይሰብራል። ይህም በጋሼ ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ማለት ስለሆነ ቀኑን የሚያስተካክሉት ምንጊዜም በጧት ነው። ሌላም አለ። ሰዓቱ ወሩን ሁሉ 31 ቀን አድርጎ ያስባል። የፈረንጁን ቀን የሚከተል ሰው በዓመት አምስት ጊዜ ሲያስተካክለው፣ ወራችን 30 ቀን፣ ጳጉሜም አምስት ወይም ስድስት ቀን ስለሆነ ጋሼ የሚያስተካክሉት ዐሥራ ሦስት ጊዜ ነው። «ታዲያ አይሰለችዎትም?» አልናቸው። «ወር በገባ ቁጥር አንድ ጊዜ እንድነካው ያስገድደኛል፤ ዕድሜዬን የምቆጥረው በዚያ ነው» አሉን።

ከዚያም የወንጂው ልጅ ሰዓቱን በእጁ እንደ ያዘ ወደ ፍል ውኃው ሊወርድ ሲነሣ ጋሼ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ያዙት። «ሰዓት ይታሰራል እንጂ አይታጠብም!» በጀርባው ውኃ ይቋቋማል ተብሎ እንደ ተጻፈ ብናሳያቸው ሳቁብን። ጽሑፉ የተጻፈው ሰዓቱ አዲስ ሳለ፣ ውኃውም ቀዝቃዛ ሲሆን ነው። የጀርባውን ክዳንና የመሙያውን ቁልፍ የሚዘጋው ቀጭን ጎማ በዕድሜ ይደርቃል፤ ሙቀት ደግሞ ያዝለዋል። ሰዓቱ በፍል ውኃ ውስጥ ሲግል በውስጡ ያለው አየር ይሰፋና በቀዳዳው ይወጣል፤ ሰውየው ወጥቶ ክንዱ ሲበርድ አየሩ ተመልሶ ሲሰበሰብ እንፋሎቱን ይዞት ይገባል። ከዚያ መስታወቱ ከውስጥ ያልበዋል፤ ቆይቶም ብረቱ ይዝጋል። ጋሼ በዚህ ሥፍራ በኖሩበት ዘመን እንዲህ አልቦት የቀረ ሰዓት ስንት እንዳዩ ቆጥረው አይጨርሱትም። የእሳቸው ሰዓት ገላቸውን በታጠቡ ቁጥር በቤታቸው ምስማር ላይ ተሰቅሎ ይጠብቃቸዋል።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። ጋሼ እንጀራ አስቀረቡ፤ የአሰላው ልጅ ግን ወደ ኋላ አለና «ጾም ነኝ» አለ። ጋሼ እጃቸውን ከመሶቡ ላይ አነሡ። «ዓርብ ቢሆንስ? በበዓለ ኀምሳ የምን ጾም ነው ልጄ?» ዝም አለ። እኛም ዝም አልን። ፋሲካ ካለፈ ሳምንት እንኳ አልሞላውም፤ እስከ ጰራቅሊጦስም ረቡዕና ዓርብ እንደማይጾም ከሦስታችን የማያውቅ የለም። ሐሙስ ዕለትም ሆድ አሞኛል ብሎ አብሮን እንዳልበላ ያን ጊዜ ትዝ አለን። ጋሼ ሌላ ነገር ሳይናገሩ ጎርሶ እስኪጠግብ ድረስ ከአጠገቡ አልተነሡም።

ወደ ማታ ነገሩን ራሱ ነገረን። 2 ሺህ ብሩን ያዋጣው እናቱ ለሁለት ወር ይሁንህ ብለው ከላኩለት ላይ ነው። 1 ሺህ 5 መቶውን ደግሞ ከዕረፍቱ የምግብና የመመለሻ ገንዘብ ሊያወጣው አስቦ ነበር። «ለምን አልነገርከንም?» ብንለው «ቆጥቋጣ ብላችሁኝ ነበራ» አለ። በቁጣ አልተናገረውም፤ እኛን ያሳፈረንም ይኸው ነው። ሰዓቱ የታሰበው ለእሱ ፈተና ሲባል ነበር። እኛ ሰማያዊ ፊት ስንመርጥ እሱ ምሳ ይመርጥ ነበር።

ስለዚህ በዚያ ምሽት ሐሳባችንን ለወጥን። ባለ ባትሪውን እንግዛና ገንዘብህን ውሰድ ብንለው እንቢ አለ። «ካዋጣሁ አዋጣሁ፤ አውቶማቲኩም ይገዛ፤ ነገር ግን ከ6 ሺህ ብር አንዲት ሳንቲም አይለፍ፤ የማጽጃና የዘይት ዋጋም ከዚያው ይውጣ» አለ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባን። አብረው የሚገዙ ሰዎች አቅም የሚለካው ድምሩን ለሰው ቁጥር በማካፈል አይደለም፤ ከሁሉ ባነሰው ኪስ ነው። እኛ ይህን ሒሳብ ያወቅነው ዘግይተን ነው።

ቅዳሜ ወደ አዳማ ተመለስንና ባለሱቁን አመስግነን ሰማያዊውን ሰዓት ተውነው። ጋሼ ያስተማሩንን ይዘን ያገለገሉ ሰዓቶችን ማየት ጀመርን። ትምህርታቸው ለሌላም ተማሪ ይጠቅም ይሆናልና ባጭሩ እናቅርበው። መጀመሪያ ሰዓቱን ወደ ጆሮ አስጠግቶ በቀስታ መወዝወዝ ነው፤ ብረቱ ሲዞር ለስለስ ያለ ድምፅ ይሰማል፤ የሚንቋቋ ከሆነ አንድ ነገር ላልቷል። ቀጥሎ ሴኮንድ ቆጣሪውን ማየት ነው፤ የባለ ባትሪው በየሴኮንዱ ይዘልላል፤ የአውቶማቲኩ ግን በሴኮንድ ስድስት ጊዜ ያህል በትንንሽ እርምጃ ስለሚሄድ የሚንሸራተት ይመስላል። ሦስተኛ፣ ቆጣሪውን 12 ሰዓት አሳልፎ ቀኑና ዕለቱ ሁለቱም መለወጣቸውን ማረጋገጥ ነው። አራተኛ፣ ጀርባውን ማንበብ ነው፤ በሴኮ ሰዓት ላይ የተከታታይ ቁጥሩ የመጀመሪያ አኀዝ የዓመቱን መጨረሻ፣ ሁለተኛው ወሩን ያመለክታል። የሻጩ ወሬና ቁጥሩ ካልተስማሙ ቁጥሩን ማመን ነው። አምስተኛ፣ በፊቱ ላይ ብዙ የሚያወራ ሰዓት ያጠራጥራል፤ በአንድ ፊት ላይ የጃፓን ስምና የስዊስ ሥራ የሚል ጽሑፍ አንድ ላይ ያየን ጊዜ የአሰላው ልጅ «ይኸስ ሁለት አባት አለው» ብሎ መለሰው።

በመጨረሻ ሰዓቱን ያገኘውም እሱው ነው። ጥቁር ፊት ያለው፣ ዕለቱን በእንግሊዝኛና በዓረብኛ የሚያሳይ ሴኮ 5 ነበር። ይህ ዓይነት ሰዓት የተጀመረው በ1963 ሲሆን፣ አምስት የተባለውም አምስት ነገር ስለሚያሟላ ነው፤ ራሱን በራሱ ይሞላል፣ ዕለትና ቀን በአንድ መስኮት ያሳያል፣ ውኃ ይቋቋማል፣ መሙያው ክንድ እንዳይወጋ በ4 ሰዓት በኩል ገባ ብሏል፣ ቤቱና ማሰሪያውም ጠንካራ ናቸው። ጀርባው ላይ 7ኤስ26 የሚል አለ፤ ይህ በ1996 የወጣ ቀላል ሞተር ነው፤ በእጅ አይሞላም፤ ሰዓቱን ሲያስተካክሉትም ሴኮንዱ አይቆምም። ቁጥሩ በ8ና በ3 ስለሚጀምር የተሠራው መጋቢት 1998 ወይም 2008 ወይም 2018 ነው፤ መስታወቱ እንደ ተጫረ ስናይ ከመካከለኛው አያንስም አልን። 5 ሺህ ተጠይቆ በ4 ሺህ 2 መቶ ብር ጨረስነው። 9 መቶ ብር ለሰዓት ሠሪ ተከፍሎ ታጠበ፣ ዘይት ተቀባ፣ ጎማውም ተለወጠ። የቀረውን 9 መቶ ብር የአሰላው ልጅ ይውሰድ ብንል «ለሦስት ይካፈል» አለ፤ ሦስት ሦስት መቶም ደረሰን።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ስለ ሴኮ ሲሰሙ አፍንጫቸውን ይነፋሉ። ለእነሱ አንድ ነገር እናስታውሳቸው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ከ2 ዐሥረኛ ሲጨርስ የዚያ ኦሊምፒክ ጊዜ መዝጋቢ ሴኮ ነበር። ትልቅ ሰዓት ያለውን ክብር አንክድም፤ የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ የነበረ አንድ ፓቴክ ፊሊፕ በ2017 በጄኔቭ ጨረታ ከ2 ሚሊዮን 8 መቶ ሺህ የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጧል። ለፈተና አዳራሽ ግን የ4 ሺህ 2 መቶ ብሩ ይበቃል።

ሰዓታችን በቀን 18 ሴኮንድ ያህል ይቀድማል። በየሳምንቱ እሑድ ጧት በስልክ እናስተካክለዋለን። ያላሰብነው ጥቅምም አገኘንበት። አንድ ሰው ብቻ ያለው አውቶማቲክ በዕረፍት ቀን ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ይቆማል፤ የእኛ ግን እንደ ዕቁብ ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ስለሚዞር ከገዛነው ወዲህ አንድም ቀን አልቆመም። ሁለታችን እንደ ፈረንጁ ሞልተነው ማዶ ለማዶ ስናነብ፣ ተራው የአሰላው ልጅ ሲሆን ግን ቆጣሪውን እንደ ጋሼ ይመልሰዋል፤ ይህም በየጊዜው ያጣላናል።

በዚህ ዓመት ሰኔ ሦስታችንም እንመረቃለን፤ ሥራም ወደ ሦስት አገር ሳይበትነን አይቀርም። ሰዓቱ ለማን ይሁን የሚለው ክርክር ከወዲሁ ተጀምሯል። ዕጣ ይውጣ የሚል አለ፤ ይሸጥና ይካፈል የሚልም አለ። የአሰላው ልጅ ግን ለጋሼ ይሰጥ ይላል፤ የእሳቸው ሰዓት አርጅቷልና። እስካሁን አልተስማማንም። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ እሱ ከሰዓት በኋላ ፈተና ስላለው ሰዓቱ በእሱ ክንድ ላይ ነው።